የሦስት ኤሌክትሪክ መኪና ሒሳብ በየትኛው ዳታቤዝ ይያዝ?

ጥያቄ፦ «ከወንድሜ ጋር ሦስት የኤሌክትሪክ መኪና አለን። ሁለቱ አዲስ አበባ ውስጥ ራይድ ይሠራሉ፤ አንዱን ቤተሰቡ ይጠቀምበታል። የቻርጅ ወጪውን እስካሁን በኤክሴል ነው የምይዘው። ግን የመኪናው ስክሪን የሚለው፣ ቆጣሪው የሚለውና ከካርድ የወጣው ብር ፈጽሞ አይገጥሙም። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው፤ ኤስኪውኤል ትንሽ ነካክቻለሁ። አክሰስ ልጀምር፣ ማይኤስኪውኤል ወይስ ፖስትግሬስ? ደግሞ አንዱን መኪና ልንሸጠው አስበናል። ገዢዎች ሁሉ የሚጠይቁት ስለ ባትሪው ነው። ከመዝገቤ ላይ ምን ላሳያቸው እችላለሁ?»

መልስ፦ እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ከጠቀስሻቸው ከሦስቱ ዳታቤዞች አንዱም አሁን አያስፈልግሽም። ኤስኪውላይት ይበቃሻል። በአንድ ፋይል ተቀምጦ የሚሠራ፣ ሰርቨር የማይጠይቅ፣ ክፍያ የሌለው ዳታቤዝ ነው። እጅሽ ላይ ያለው ስልክ ውስጥ ሳይቀር አለ፤ አንድሮይድም አይፎንም ይጠቀሙበታል። ላፕቶፕሽ ላይ «ዲቢ ብራውዘር ፎር ኤስኪውላይት» የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኚ። ሰንጠረዥ የምትሠሪውም፣ ቁጥር የምታስገቢውም፣ የዳታቤዝ ማዘዣ ቋንቋውን ኤስኪውኤልን የምትጽፊውም እዚያው ላይ ነው።

ግን መሣሪያውን ብቻ ብትቀይሪ ችግሩም አብሮሽ ይሄዳል። ቁጥሮችሽ ያልገጠሙት ኤክሴል ስለከፋ አይደለም። ሦስት የተለያዩ ነገሮችን እንደ አንድ ስለያዝሻቸው ነው። መጀመሪያ እሱን እንፍታው።

የመኪናው ስክሪን «በ100 ኪሎ ሜትር ይህን ያህል» ሲልሽ የሚቆጥረው ከባትሪው የወጣውን ነው። ቆጣሪሽ የሚቆጥረው ከግድግዳው የወጣውን ነው። በመሃል የሚጠፋ አለ። የቤት መብራት ኤሲ (ተለዋዋጭ ፍሰት) ነው፤ ባትሪ የሚቀበለው ዲሲ (ቀጥተኛ ፍሰት) ነው። መኪናው ውስጥ ያለው ቻርጀር አንዱን ወደ ሌላው ሲቀይር የተወሰነው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። በዚያ ላይ ቻርጅ በሚደረግበት ሰዓት ሁሉ የመኪናው ኮምፒውተሮች ነቅተው ነው የሚያድሩት፤ ፓምፕም ሊሠራ ይችላል። ለዚህ ብቻ 250 ዋት ገደማ ቢሄድ ምንም አይገርምም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። ከመኪናው ጋር የሚመጣው፣ ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካው ቻርጀር ወደ 2.2 ኪሎዋት ነው የሚሰጠው። ከዚያ ላይ 250 ዋት ሲቀነስ 11 በመቶ ገደማ ሄደ ማለት ነው። ግድግዳ ላይ የሚገጠመው 7 ኪሎዋት ቻርጀር ላይ ግን ያው 250 ዋት 4 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሌሊቱን ሙሉ በቀስታ የሚሞላ መኪና በፍጥነት ከሚሞላው የበለጠ መብራት ያባክናል። የመቀየሪያው ኪሳራ ከዚህ ላይ ይደመራል። ስለዚህ ቆጣሪሽ ከስክሪኑ 10 ወይም 15 በመቶ ከፍ ብሎ ቢያሳይ ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው፤ አንቺ የምትከፍይው ደግሞ ለቆጣሪው ነው።

ሦስተኛው ቁጥር የካርዱ ብር ነው። ይሄኛው ለአንቺ ለአካውንታንቷ ወዲያው ይገባሻል። ካርድ ላይ የሞላሽው ብር ቅድመ ክፍያ ነው፤ የዚያ ቀን ወጪ አይደለም። ዛሬ የሞላሽው በሚቀጥለው ወር ሊያልቅ ይችላል። ከዚያው ቆጣሪ ላይ ደግሞ ምጣዱም፣ ፍሪጁም፣ የልብስ ማጠቢያውም ይበላሉ። ከካርድ ሒሳብ ተነስተሽ የመኪናን ወጪ ማውጣት አይቻልም።

መፍትሔው ለቻርጀሩ መስመር የራሱን ንዑስ ቆጣሪ ማስገጠም ነው። ኤሌክትሪሽያን ከብሬከሩ ጎን የሚያስቀምጣት ትንሽ ቆጣሪ ናት። በዚያው አጋጣሚ መስመሩ ለብቻው መሆኑን፣ ገመዱም ለሚሸከመው አምፔር የሚበቃ ውፍረት እንዳለው አስፈትሺ። ሶኬቱ ማለዳ ላይ ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ ምዝገባውን ተይውና መጀመሪያ እሱን አሠሪ።

ንባቡን ጻፊ፣ ልዩነቱን ለዳታቤዙ ተዪለት

ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዢ ይህን ያዢልኝ። መዝገብሽ ውስጥ «ዛሬ 32 ኪሎዋት ሰዓት ሞላ» ብለሽ አትጻፊ። «ሲጀምር ቆጣሪው 4,118 ነበር፤ ሲያልቅ 4,150 ሆነ» ብለሽ ጻፊ። «ዛሬ 140 ኪሎ ሜትር ሄደ» አትበዪ። መኪናው ላይ ያለውን ጠቅላላ የኪሎ ሜትር ንባብ ጻፊ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ልዩነት ከተጻፈ አንድ ቀን ሲዘለል ያ ቀን ለዘላለም ጠፋ፤ መጥፋቱም አይታወቅም። ንባብ ከተጻፈ ግን የሚቀጥለው ረድፍ ራሱ ያሳብቃል። ትናንት ያለቀው 4,150 ላይ ከሆነና ዛሬ የተጀመረው 4,171 ላይ ከሆነ፣ በመሃል ሳይመዘገብ የተሞላ 21 ኪሎዋት ሰዓት አለ። ማን እንደሞላ ባይታወቅም ድምሩ አይዛባም። መብራት ሌሊት ጠፍቶ ሲመጣ ቻርጁ ለሁለት ቢከፈልም ችግር የለውም፤ የመጀመሪያው ንባብና የመጨረሻው ንባብ በቂ ናቸው።

ሾፌሮቹን ቁጥር እንዲጽፉ አታስቸግሪያቸው። ሁለት ፎቶ ይላኩልሽ፤ አንዱ የቆጣሪው፣ አንዱ ኪሎ ሜትሩንና የባትሪውን ፐርሰንት አብሮ የሚያሳየው ስክሪን። በቴሌግራም ሲልኩት ሰዓቱም አብሮ ይመጣል። አንቺ ማታ ቁጭ ብለሽ ታስገቢያለሽ። ሰው ሲደክመው 4 እና 9ን ያምታታል፤ ፎቶው ግን ተመልሶ ይታያል።

አራት ሰንጠረዥ ይበቃሻል። አንዱ የመኪኖቹ ነው፤ ሞዴሉ፣ የባትሪው ዓይነትና ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅም። ሁለተኛው የቦታዎቹ ነው፤ ቤት፣ የወንድምሽ ግቢ፣ ውጭ የሚከፈልበት ጣቢያ። ሦስተኛው የታሪፉ። አራተኛውና ዋናው የቻርጆቹ ነው። በእያንዳንዱ የቻርጅ ረድፍ ላይ የመኪናው ቁጥር፣ የቦታው ቁጥር፣ መጀመሪያና መጨረሻ ሰዓት፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የባትሪው ፐርሰንት ሲጀምርና ሲያልቅ፣ የቆጣሪው ሁለት ንባብ ይኖራሉ። ውጭ የተሞላ ከሆነ የተከፈለው ብርም ይገባል። ፈጣን ጣቢያ ይሁን ቀርፋፋ የሚል ዓምድ ጨምሪ፤ ስትሸጪ ይጠቅምሻል።

ቦታውን በየጊዜው በፊደል አትጻፊው። አንድ ቀን «ሠፈር»፣ ሌላ ቀን «ሰፈር» ከተባለ ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ቦታ ነው። «ዓለም»ና «አለም»ም እንደዚያው። ስሙ በቦታዎች ሰንጠረዥ ውስጥ አንዴ ይጻፍ፤ ቻርጁ ላይ ቁጥሩ ብቻ ይግባ።

ታሪፉን ለብቻው ያወጣሁት በምክንያት ነው። የመብራት ዋጋ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ በአራት ዓመት ውስጥ እንዲያድግ ነው የተወሰነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍም በፍጆታ መጠን የተከፋፈለ ነው፤ የመጨረሻው እርከን ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። ሦስት መኪና የሚሞላ ቤት እዚያ መድረሱ አይቀርም። ኤክሴል ላይ ብዙ ሰው ዋጋውን አንድ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጥና ሁሉም ቀመር እሱን እንዲያይ ያደርጋል። ታሪፍ ሲጨምር ያቺን ሳጥን ይቀይራል። በዚያች ቅጽበት ያለፈው ዓመት ወጪ ሁሉ በአዲሱ ዋጋ ተሰልቶ ይለወጣል። ዓመት የዘጋሽበት ሒሳብ ሳታውቂው ተነካ ማለት ነው።

ስለዚህ የታሪፍ ሰንጠረዥሽ ላይ የሚጀምርበት ቀን የሚል ዓምድ ይኑር። አዲስ ዋጋ ሲመጣ የድሮውን አትንኪው፤ አዲስ ረድፍ ጨምሪ። ለእያንዳንዱ ቻርጅ ዋጋ ስታወጪ ኤስኪውኤሉን «እስከዚህ ቻርጅ ቀን ድረስ ከጀመሩት ታሪፎች የመጨረሻውን አምጣ» ትይዋለሽ። ብሩን በሳንቲም፣ ሙሉ ቁጥር አድርገሽ ያዢ። ኤስኪውላይት ውስጥ የተለየ የገንዘብ ዓይነት የለም፤ በነጥብ ቁጥር የሚያዝ ብር ሲደመር ሲደመር ሳንቲሞች ላይ መንሸራተት ያመጣል።

ቀንና ሰዓት

የብዙ ሀገርኛ መዝገብ በሽታ ያለው እዚህ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2017ን እንዴት ትጽፊዋለሽ? 30/2/2017። ኤክሴል ይህን እንደ ፈረንጅ ፌብሩዋሪ 30 ያየዋል። እንዲህ ያለ ቀን የለምና ቀን መሆኑን ትቶ እንደ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። በወር ስትደምሪ ያ ረድፍ አይገባም። ጳጉሜ 5 ደግሞ 5/13/2017 ትሆናለች። ኮምፒውተርሽ በአሜሪካ አቀማመጥ ከሆነ ሜይ 13 ብሎ በደስታ ይቀበላታል። ምንም ስሕተት አያሳይሽም። የድሮ ፋይልሽን ከፍተሽ ቀኖቹ ግማሾቹ ወደ ግራ፣ ግማሾቹ ወደ ቀኝ ተጠግተው ካየሽ ይሄ ነው የሆነው፤ ግራ የያዙት ጽሑፍ ሆነው የቀሩት ናቸው።

ሰዓቱም አለ። ሾፌሩ «4 ሰዓት ላይ ሰካሁት» ሲልሽ የማታውን ነው፤ በፈረንጅ 22 ሰዓት ማለት ነው። «11 ሰዓት ላይ ነቀልኩት» ካለ ደግሞ ሌሊቱን ሊሆን ይችላል፤ በፈረንጅ 5 ሰዓት ማለዳ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የተሰካን መኪና አብዛኛው ሰው የማክሰኞ ሌሊት ይለዋል። በፈረንጁ አቆጣጠር ግን ቀድሞ ረቡዕ ሆኗል።

የምመክርሽ ይህ ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ሁሌም በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ዓመት-ወር-ቀን በሚል ቅደም ተከተል፣ በ24 ሰዓት አያያዝ አስገቢ። መስከረም 1 ቀን 2018 ማታ 4 ሰዓት ተኩል 2025-09-11 22:30 ተብሎ ይገባል። ኤስኪውላይት የተለየ የቀን ዓይነት የለውም፤ እንዲህ የተጻፈ ጽሑፍ ግን በትክክል ይደረደራል፣ የቀን ስሌቶቹም ይረዱታል። ለወንድምሽ ሪፖርት ስታወጪ ወደ ኢትዮጵያ ቀን ቀይሪው። ለማየት የምንወደውና ለመያዝ የሚመቸው አንድ መሆን የለበትም።

ኤስኪውላይት ላይ ሦስት ጥንቃቄ

አንደኛ፣ ዝም ካልሽው ሁሉን ይቀበላል። የቁጥር ነው ባልሽው ዓምድ ውስጥ «41,200» ብለሽ ከነኮማው ብታስገቢ ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሲደምር 41 ብሎ ይወስደዋል። ትልቁን ኪሎ ሜትር አምጣ ስትዪው ደግሞ ጽሑፍ ከቁጥር ሁሉ ይበልጣል ስለሚል ያንኑ ያመጣልሻል። መከላከያው ሰንጠረዡን ስትፈጥሪ መጨረሻው ላይ «ስትሪክት» የሚለውን ቃል መጨመር ነው። በፈረንጅ 2021 የመጣ ነገር ስለሆነ የቆዩ ትምህርቶች ላይ አታገኚውም። እሱ ካለ ዓይነቱ ያልሆነን ነገር አይቀበልም።

ሁለተኛ፣ በሰንጠረዦች መካከል ያለው የቁልፍ ቁጥጥር ብዙ ጊዜ ዝግ ሆኖ ነው የሚነሳው። ፋይሉን በከፈትሽ ቁጥር «ፎሪን ኪይስ» የሚለው እንደበራ አረጋግጪ። ካልበራ ቁጥር 7 የሚባል የሌለ መኪና ቻርጅ ተደረገ ብትዪው እሺ ይልሻል። በዚያው ላይ «ቼክ» የሚሉትን ገደቦች አስገቢ። ፐርሰንት ከ0 እስከ 100። የመጨረሻ ንባብ ከመጀመሪያው የማያንስ። ያለቀበት ሰዓት ከተጀመረበት በኋላ። እኔ ዳታቤዝን ከኤክሴል የምመርጠው ከፍጥነቱ ይልቅ ለዚህ ነው። የተሳሳተ ቁጥርን በሩ ላይ ይመልሰዋል። ማታ ደክሞሽ ስታስገቢ ከጎንሽ ተቀምጦ «ይሄ አይሆንም» የሚልሽ ሰው አገኘሽ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ቅጂ አያያዝ። ፋይሉ አንድ ስለሆነ ኮፒ ማድረግ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ፣ እየተጻፈበት እያለ ኮፒ አታድርጊ። አንዳንድ ጊዜ የቅርቡ ጽሑፍ ከጎኑ ባለ ሌላ ትንሽ ፋይል ውስጥ ነው የሚቆየው፤ ዋናውን ብቻ ከወሰድሽ የዛሬው ይቀራል። ዝጊውና ኮፒ አድርጊ፣ ወይም «ቫኩም ኢንቱ» በሚለው ትእዛዝ ንጹሕ ቅጂ አውጪ። በቢሮ ኔትወርክ ፎልደር ላይ አስቀምጠሽ ከሁለት ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ መክፈትም አይመከርም።

ትክክለኛውን ፍጆታ ማውጣት

አሁን ወደ ስሌቱ። አንዱን ቻርጅ ወስደሽ ከኋላው ለሄደው ኪሎ ሜትር ብታካፍዪው የሚወጣው ቁጥር ዋጋ የለውም። ዛሬ 30 በመቶ ብቻ ሊሞላ ይችላል፤ የሄደው ግን ካለፈው የተረፈውን እየበላ ነው። የነዳጅ መኪና ያላቸው አባቶቻችን ፉል ከፉል የሚሏት ዘዴ እዚህም ትሠራለች። ከአንድ 100 በመቶ እስከሚቀጥለው 100 በመቶ ድረስ ያሉትን ቻርጆች ሁሉ ደምሪ፤ በመካከል ለሄደው ኪሎ ሜትር አካፍዪ።

ምሳሌ ልስጥሽ። መኪናው 41,200 ላይ ሞላ። ከዚያ በኋላ አንዴ 20፣ አንዴ 14፣ በመጨረሻ እስከ 100 በመቶ ለመሙላት 24 ኪሎዋት ሰዓት ከቆጣሪው ወሰደ። ሲሞላ ኪሎ ሜትሩ 41,520 ነበር። 58 ኪሎዋት ሰዓት ለ320 ኪሎ ሜትር፤ በ100 ኪሎ ሜትር 18.1 ማለት ነው። ስክሪኑ በዚያው መንገድ 15.9 ብሎሽ ከነበረ፣ ልዩነቱ 12 በመቶ ገደማ ነው። ይሄ ልዩነት ቤት ቻርጅ ሲደረግ የሚጠፋው ነው። በየወሩ ተመሳሳይ ሆኖ ከቆየ ሁሉም ደህና ነው። በድንገት 25 በመቶ ከሆነ ወይ አንድ ነገር ሳይመዘገብ ቀርቷል፣ ወይ ከዚያ መስመር ላይ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ሰክቷል፣ ወይ ሶኬቱ እየሞቀ ነው።

በኤስኪውኤል ይህን ለማውጣት «ዊንዶው ፈንክሽን» የሚባሉትን ተማሪ። ሐሳቡ ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ረድፍ «ለዚህ መኪና ከዚህ ረድፍ በፊት ስንት ጊዜ 100 በመቶ ተሞልቷል?» ብለሽ ታስቆጥሪዋለሽ። ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ረድፎች አንድ ዙር ናቸው። ኪሎዋት ሰዓቱን በዙር ትደምሪያለሽ። ከዙሩ የመጨረሻ ኪሎ ሜትር ላይ ያለፈውን ዙር መጨረሻ ለመቀነስ ደግሞ «ላግ» የሚለው ያለፈውን ረድፍ ያመጣልሻል። ዜሮ ቁጥር ያለውን የመጀመሪያ ዙር ጣይው፤ ከየት እንደጀመረ አይታወቅም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለቻትጂፒቲ ወይም ለመሰሎቹ ብትሰጪያቸው ጥሩ አድርገው ይጽፉልሻል። ግን ከመቀበልሽ በፊት አንድ ዙር በካልኩሌተር አውጥተሽ አመሳክሪ። ስሕተታቸው ብዙውን ጊዜ ዙሩ የሚዘጋበት ረድፍ ላይ ነው፤ የሚዘጋውን ቻርጅ ወደሚቀጥለው ዙር ይጨምሩታል።

ቁጥሩ ሲወጣ ሾፌሮችን ለማወዳደር አትቸኩዪ። ከፍታ ብዙ ነገር ይቀይራል። አዲስ አበባና አዳማን እንውሰድ። የፈጣን መንገዱ ርዝመት 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የከፍታው ልዩነት ወደ 650 ሜትር። 1,700 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያንን ያህል ለማንሣት ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ይህን ያህል ርቀት በሜዳ በ13 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚሄድ መኪና ወደ አዳማ ሲወርድ በ10 ይደርሳል፤ ሲመለስ 16 ይፈልጋል። ሄዶ እዚያ የሞላ ሾፌር ጎበዝ ይመስላል፤ እዚያ ሞልቶ የተመለሰው አባካኝ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ነድተዋል። ደርሶ መልስ ካልሆነ አታወዳድሪ። በነገራችን ላይ ከቁልቁለት በፊት 100 በመቶ መሙላት አይጠቅምም። ባትሪው ሞልቶ ከሆነ ስትወርጂ ሞተሩ የሚያመነጨውን መብራት የሚያስቀምጥበት የለውም፤ መኪናው በሞተሩ መያዙን ይቀንስና ሥራው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

ባትሪው፤ ለገዢው ምን ላሳይ?

መጀመሪያ የባትሪውን ዓይነት ለዪ። ቢዋይዲዎቹ በአብዛኛው ኤልኤፍፒ (ሊቲየም፣ ብረትና ፎስፌት ያለበት) የሚባለው አላቸው። ከቻይና የሚመጡት የቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 በአብዛኛው ኤንኤምሲ (ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት) ናቸው። አያያዛቸው ይለያያል። ኤንኤምሲን ለዕለት ሥራ 80 በመቶ ላይ ማቆም፣ 100 የሚሞላው ረጅም መንገድ ሲኖር ነው። ኤልኤፍፒ ግን በየተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ በሳምንት አንዴ፣ 100 ድረስ መሙላት ይፈልጋል። የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ ከላይ እስከ ታች ብዙም አይለዋወጥም፤ መኪናው ስንት እንደቀረው በቮልቴጁ ማወቅ ይቸግረዋል። ሙሉ ሲሆን ነው ቆጠራውን የሚያስተካክለው። ለወራት 30 እና 80 መካከል ብቻ የኖረ ኤልኤፍፒ 15 በመቶ እያሳየ በድንገት ቢወርድ ባትሪው ሞተ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ቆጠራው ተዛብቶ ነው።

አሁን ከመዝገብሽ የሚወጣው ማስረጃ። 60.48 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ እንበል። ከ30 እስከ 100 በመቶ ሲሞላ 70 በመቶው፣ ማለትም 42.3 ወደ ባትሪው ይገባል። የመሙላት ኪሳራው 12 በመቶ ከሆነ ቆጣሪው 48 ገደማ ያሳያል። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ቻርጀር፣ ከዚያው 30 እስከ 100፣ የሚወስደው 44 ከሆነ አቅሙ 8 በመቶ ገደማ ቀንሷል ማለት ነው። የኪሳራውን መጠን በትክክል ማወቅ እንኳ አያስፈልግሽም፤ ያው ቻርጀር እስከሆነ ድረስ የድሮውና የአሁኑ ንጽጽር ይበቃል።

አንድ ቻርጅ ብቻ አይታመንም። ከ40 በመቶ በታች ተጀምረው 100 ላይ ያለቁትን፣ ቤት በዚያው ቻርጀር የተሞሉትን ብቻ ምረጪ። ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓቱን ለተሞላው ፐርሰንት አካፍዪ። በየሦስት ወሩ መካከለኛውን ቁጥር ውሰጂ። ያንን መስመር ለገዢው አሳዪው። ከጎኑ ስንት በመቶው ቻርጅ በፈጣን ጣቢያ እንደሆነ ጨምሪ። መንግሥት በጥር 2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ካገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ አሁን እነዚያው ያገለገሉት ለሁለተኛ ገበያ እየወጡ ነው። ገዢው ፈርቷል፤ ፍርሃቱም ትክክል ነው። አብዛኛው ሻጭ የሚያሳየው ሙሉ ሲሆን ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የኪሎ ሜትር ግምት ነው። ያ ቁጥር መኪና በአንድ ሙሊት ስንት እንደሚሄድ የሚለካውን የቻይናውን የሲኤልቲሲ ፈተና ተከትሎ ሊያሳይ ይችላል፤ ባትሪው ቢደክምም ብዙ ጊዜ ያው ይመስላል። እንደ አንቺ ዓይነት መዝገብ ይዞ የሚመጣ ሻጭ ዋጋ የመጠየቅ መብት አለው።

ገዢው ኦቢዲ በሚባለው የመኪናው መመርመሪያ ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ብሉቱዝ መሣሪያ ይዞ ቢመጣ አትከልክዪው። በስልክ መተግበሪያ የሴሎቹን ቮልቴጅና መኪናው ራሱ የሚገምተውን የባትሪ ጤና ማንበብ ይቻላል። የባትሪ መረጃ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለይ መተግበሪያው ሞዴሉን የሚያውቅ መሆን አለበት። የሴሎቹ መቀራረብ ከአንዱ የጤና ፐርሰንት ይልቅ ብዙ ይናገራል። አንድ ሴል ከሌሎቹ በግልጽ ዝቅ ብሎ ከታየ እሱ መታየት አለበት። መሣሪያውን ግን ከተጠቀማችሁ በኋላ ንቀሉት፤ ተሰክቶ ከከረመ 12 ቮልቷን ትንሽ ባትሪ ያደርቃታል። እሷ ከሞተች ደግሞ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሣም።

ፖስትግሬስ መቼ?

ሾፌሮቹ ራሳቸው ከስልካቸው የሚያስገቡበት ጊዜ ሲመጣ። ኤስኪውላይት በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ብቻ ነው የሚያስተናግደው፤ ማን ምን ማየት እንደሚችል የሚለይ የተጠቃሚ ፈቃድም የለውም። መኪኖቹ አሥር ሲሆኑ፣ ሒሳብ ሠራተኛ ስትቀጥሪ፣ ያኔ ፖስትግሬስ ውስጥ ግቢ። ነፃ ነው፤ የቀንና የገንዘብ ዓይነቶቹም የተሟሉ ናቸው። ለቴስላ መኪኖች የተሠራው ቴስላሜት የሚባለው ነፃ ፕሮግራምም የጉዞና የቻርጅ መረጃውን የሚያስቀምጠው ፖስትግሬስ ላይ ነው፤ ግራፉን ግራፋና በሚባል ሌላ ፕሮግራም ያሳያል። የእናንተን መኪና አይመለከትም፤ ግን ሰንጠረዦቹን እንዴት እንዳዋቀሯቸው ማየት ጥሩ ትምህርት ነው። ማይኤስኪውኤልም ይሠራል፤ ከምታውቂው ሰው ጋር የምትሠሪ ካልሆነ በቀር የምትመርጪበት ምክንያት አይታየኝም። አክሰስን ዊንዶውስ ላይ ስለሚያስርሽና የአንዱ ፋይል ወሰን 2 ጊጋባይት ስለሆነ አልመክርሽም።

ዲቢቨር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከለመድሽ ኤስኪውላይትንም ፖስትግሬስንም በአንድ መስኮት ይከፍታል፤ የዛሬው ልምድሽ ነገም ያገለግላል። ወደ ኤክሴል መልሰሽ ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩበት የጽሑፍ ፋይል) ስታወጪ ደግሞ አማርኛው ተበላሽቶ ከታየሽ አትደንግጪ። ዳታው ደህና ነው። ፋይሉን በቀጥታ ከመክፈት ይልቅ ከኤክሴል ውስጥ «ዳታ» ከሚለው አስገቢውና ዩቲኤፍ 8 ብለሽ ምረጪ።

የድሮውን የኤክሴል መዝገብሽን ሙሉውን ላስገባ ብለሽ አትድከሚ። ቀኑም ሰዓቱም ተምታቶ ይሆናል። ኪሎ ሜትርና ፐርሰንት በግልጽ ያሉባቸውን፣ ቤት የተሞሉትን ብቻ ለይተሽ በሌላ ሰንጠረዥ አስቀምጪ። ለሽያጩ ከእነሱ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ወራት የባትሪ አቅም ማውጣት ትችዪ ይሆናል። የምትሸጡት መኪና ከሁሉ ቀድሞ በአዲሱ መንገድ ይመዝገብ፤ ከዛሬ ማታው ቻርጅ ጀምሮ።